«እምነት ካለህ ለምን ትጠይቃለህ?» የተባለ ልጅ አለኝ፤ ምን ልበለው?

ብርሃንና_ጥላ፣ እሁድ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ታገሡኝ።

ካቶሊክ ነኝ። በቁምስናችን ቅዳሜ ቅዳሜ ለወጣቶች ትምህርተ ክርስቶስ አስተምራለሁ። ትናንት ትምህርቱ አልቆ ሁሉም ሲወጣ አንድ ልጅ ወንበሩ ላይ ቀረ። ዩኒቨርሲቲ ገና አንደኛ ዓመቱ ነው፤ ፊዚክስ ይወዳል። «ምነው?» ስለው አንገቱን ደፋ። ቆይቶ ነገረኝ። ዓለም ከተጀመረ ወደ 13.8 ቢሊዮን ዓመት እንደሚሆነው ክፍል ውስጥ ተምሯል። ይሄ ከኦሪት ዘፍጥረት ጋር እንዴት ይታረቃል ብሎ አንድ የሚያከብራቸውን የቤተ ክርስቲያን ሰው ጠየቀ። መልሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «እምነት ካለህ ለምን ትጠይቃለህ?»

ዶርም ሲመለስ ደግሞ ጓደኞቹ ይሉታል። «ጭንቅላት ካለህ ለምን ታምናለህ?»

ልጁ መሃል ቆሟል። ሁለቱም ወገን አንዱን ጣልና ሌላውን ያዝ ነው የሚሉት። እኔም በሱ ዕድሜ እንዲሁ ተብዬ ነበር። አፌን ዘጋሁ። ቤተ ክርስቲያን መሄዱን አልተውኩም፤ ግን ለብዙ ዓመት ጥያቄዬን ደጅ ላይ እያስቀመጥኩ ነበር የምገባው። ይሄ ልጅ እንደዚያ እንዲሆን አልፈልግም።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ያ መልስ የቤተ ክርስቲያኔ ትምህርት አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 የተደረገው የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ ሁለት ነገር ባንድ ላይ ነው ያልተቀበለው። አንደኛው «አእምሮ ብቻውን ይበቃል፣ ከእግዚአብሔር የምንሰማው ነገር አያስፈልገንም» የሚለውን። ሁለተኛው «አእምሮ ስለ እግዚአብሔር ምንም ማወቅ አይችልም፣ ዓይንህን ጨፍነህ እመን» የሚለውን። ሰው ከተፈጠረው ነገር ተነሥቶ፣ በተሰጠው የአእምሮ ብርሃን፣ እግዚአብሔር መኖሩን በእርግጥ ማወቅ እንደሚችል ጉባኤው አስተማረ። እምነትና አእምሮ በእውነት ሊጣሉ አይችሉም አለ። ምሥጢሩን የገለጠው አምላክ ራሱ ነውና ለሰው አእምሮ የሰጠው።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 (ከዚህ በኋላም ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) በዚሁ ጉዳይ አንድ ትልቅ መልእክት ጻፉ። እምነትና አእምሮ የሰው መንፈስ ወደ እውነት የሚወጣባቸው ሁለት ክንፎች ናቸው ብለው ነው የሚጀምሩት። እሳቸው ከመመረጣቸው በፊት ፖላንድ ውስጥ በሉብሊን የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ምግባር ያስተማሩ የፍልስፍና ሰው ነበሩ።

ግን ይሄን ሁሉ ዓመተ ምሕረት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ብደረድርለት ምን ይጠቅመዋል? እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምሩለት ነበር? የማታምኑም ጻፉልኝ።


ቁጥር_አይዋሽም፣ እሁድ ማታ 3፡25

ሰላም እህቴ። መሐንዲስ ነኝ። ያደግኩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አሁን አላምንም። ለመጨቃጨቅ ሳይሆን ልጁን አስቤው ነው የምጽፈው።

ያልሽው ያምራል። ልጁ ጎበዝ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚያነሣብሽ ጋሊሊዮን ነው። በ1633 ሮም ላይ የ69 ዓመት ሽማግሌ አንበርክከው «ምድር ትንቀሳቀሳለች ማለቴን ትቻለሁ» አስባሉት። እስኪሞት ድረስ በቁም እስር አቆዩት። እምነትና አእምሮ አይጣሉም የምትይው ይሄ ሁሉ ሆኖ ነው?


ብርሃንና_ጥላ፣ እሁድ ማታ 4፡10

ወንድሜ፣ ስለ ጋሊሊዮ ሰበብ አልደረድርም። በደል ነው። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ራሳቸው ጉዳዩ እንዲመረመር አድርገው በጥቅምት 1992 የጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ አባላት ፊት ቆመው፣ የዚያን ጊዜ የነገረ መለኮት ሰዎች ተሳስተው እንደነበር ተናግረዋል። ሦስት መቶ ስልሳ ዓመት ገደማ ወሰደ። ሲነገር ያሳፍራል።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። ትክክለኛው መንገድ በእጃቸው ነበር። ካርዲናል ቤላርሚኖ በ1615 ስለዚሁ ጉዳይ ደብዳቤ ጽፈዋል። ፀሐይ ቆማ ምድር መዞሯ በእውነት ከተረጋገጠ ቅዱስ መጽሐፍን ስንተረጉም ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልገናል፤ የተረጋገጠውን ሐሰት ከማለት መጽሐፉን አልተረዳነውም ማለት ይሻላል ይላል ሐሳባቸው። ከዚህ የተሻለ ምን ይባላል? በዓመቱ ግን፣ በ1616፣ ትምህርቱ ታገደ። ማስረጃው ያኔ አልተሟላም ነበር የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ጋሊሊዮ ዋና ማስረጃዬ ያለው የባሕር ውኃ መውጣትና መውረድ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ምድር ፀሐይን ስትዞር የከዋክብት ቦታ ለዓይን መዛወሩ በትክክል የተለካው በ1838 ነው። ቢሆንም ያልተሟላ ማስረጃ የሚመለሰው በሌላ ማስረጃ ነው። በችሎት አይደለም።

ቅዱስ አውግስጢኖስ ደግሞ ከጋሊሊዮ 1200 ዓመት በፊት አስጠንቅቆ ነበር። ስለ ሰማይና ስለ ከዋክብት ጠንቅቆ የሚያውቅ የማያምን ሰው አለ እንበል። አንድ ክርስቲያን መጽሐፍ ጠቅሶ በዚያው ነገር የማይሆን ሲቀባጥር ይሰማዋል። ታዲያ ይህ ሰው ያው መጽሐፍ ስለ ትንሣኤ ሙታን ሲናገር እንዴት ይመነው? የአውግስጢኖስ ጭንቀት ይህ ነበር። ለልጁ ያንን መልስ የሰጡት ሰው ይህን ቢያነቡት እላለሁ።


ዜማ_ወዳድ፣ ሰኞ ጠዋት 1፡15

እህታችን ሰላም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሐሳብሽን ወድጄዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ካልተናገርኩ ሆዴ አይችልም።

ስለ ጋሊሊዮ ስታወሩ ባገራችን የሆነው ትዝ አለኝ። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ከዚያ የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ መጡና ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ የዘመን አቆጣጠሩም ይለወጥ ተባለ። አባቶቻችን አልተጠየቁም፤ ታዘዙ። በ1632 ወይና ደጋ በተባለ ቦታ በንጉሡ ላይ የተነሣ ገበሬ በሺህ የሚቆጠር ሬሳ ሆኖ ወደቀ። የገዛ ወገናቸው ነው። ንጉሡም በዚያው ዓመት የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ።

እኔ የምጠይቀው በፍቅር ነው። አእምሮና እውነት ስትሉ ይሄ ታሪክ የት ይገባል?


አዛውንቱ_መምህር፣ ሰኞ ጠዋት 4፡50

ልጆቼ፣ እንዲህ ተከባብራችሁ ስትነጋገሩ ሳይ ደስ አለኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ እኔም ካቶሊክ ነኝ።

ዜማ ወዳድ ያነሣኸው ቁስል እውነተኛ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልህ። ከሜንዴዝ በፊት ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የካቶሊክ ሚስዮናዊ ነበር። በ1603 መጣ። ግዕዙንም አማርኛውንም ተማረ፣ ከሊቃውንቱ ጋር ቁጭ ብሎ ተከራከረ፣ በ1622 እዚሁ ዐረፈ። የሚያሳምነው በንግግር ነበር። ከሱ በኋላ የመጣው በትእዛዝ ሊጨርሰው ፈለገ፤ ያ ሁሉ ደም ፈሰሰ። የሁለቱ ሃይማኖት አንድ ነው። ስለ እውነት ያላቸው አያያዝ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ሃይማኖት ነፃነት ባወጣው ሰነድ፣ እውነት ወደ ሰው አእምሮ የምትገባው በራሷ በእውነትነቷ ኃይል ብቻ ነው አለ። በገርነት፣ ግን በብርታት። ይህ ቃል ወይና ደጋ ላይ ለወደቁት ሦስት መቶ ዓመት ዘገየ። እኔ ሳነበው ሁልጊዜ እነሱን አስባለሁ።

አሁን ወደ ልጁ። ልጄ ብርሃንና ጥላ፣ እኔ ብሆን ከቋንቋችን እጀምርለት ነበር። ፈረንጅ ጭንቅላት ያስባል፣ ልብ ይወድዳል ብሎ ከፍሎታል። እኛ ዘንድ የሚያስበው ልብ ነው። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው። አስተዋዩ «ልባም» ነው። ልጅ ሲበስል «ልብ ገዛ» እንላለን። ግዕዙም አእምሮን «ልቡና» ይለዋል። «እምነት» የሚለውንም እይው። ከ«አማን» ጋር አንድ ሥር ነው፤ «በአማን» ማለት «በእውነት» ነው። በቋንቋችን ማመንና እውነት አንድ ግንድ ላይ የበቀሉ ናቸው። ልጁን መሃል ላይ ያቆሙት ሁለቱ አባባሎች ባገራችን ቃል እንኳ አይቆሙም።

ስለ ልቡና ካነሣሁ አይቀር፣ በፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው «ሐተታ» የተባለው መጽሐፍም ፈጣሪ ለሰው የሰጠው የልቡና ብርሃን ላይ ነው የሚቆመው። ታሪኩም የሚያርፈው በዚያው በሱስንዮስ ዘመን ነው። ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣልያናዊ ሊቅ በ1920 መጽሐፉን የጻፈው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የካቶሊክ መነኩሴ ነው አለ። ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ከተከራከሩት ዋናው ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማረው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ (ጀስዊት) ካህን ክሎድ ሰምነር ነው። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም።

የዩኒቨርሲቲውን ነገር ካነሣሁ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንዲመሩ ንጉሡ የጠሯቸው የካናዳ ኢየሱሳውያን ነበሩ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዶክተር ሉሲየን ማት ካህን ናቸው። የክህነት ልብስ ሳይለብሱ፣ ማንንም ሳይሰብኩ ሠሩ። ልጅሽ ፊዚክስ የሚማርበት ወንበር ላይ ይህም ታሪክ አለ።


ዜማ_ወዳድ፣ ሰኞ ቀን 6፡30

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የልቡናውን ነገር ለራሴም ልጆች እነግራቸዋለሁ። እኛም ቤት «አትጠይቅ» የሚል አይጠፋም። የቅኔ ቤት ልጅ ግን ሲጠይቅና ሲጠየቅ ነው የሚያድገው። ያልጠየቀ ተማሪ አጭሯ ቅኔ፣ ጉባኤ ቃና እንኳ አይወጣውም።


ወንጌል_በልቤ፣ ሰኞ ማታ 1፡05

ሰላም ቅዱሳን። እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ። ትንሽ ፍርሃት አለኝ፤ ሳልደብቅ ልናገር።

ሐዋርያው «እግዚአብሔር የዚህን ዓለም ጥበብ ሞኝነት አላደረገምን?» ይላል። ለቆላስይስ ሰዎችም በፍልስፍና እንዳይማረኩ ጽፏል። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሌሊት ተነሥታ ስትጸልይ ግን ቤቱ ይሞቅ ነበር። እኔ ዲግሪ ይዤ የሷን ሩብ አላምንም። ልጁን በክርክር ብትሞሉት፣ ነገ የተሻለ ተከራካሪ ሲመጣ ያጣዋል። እምነት ጌታን ማግኘት አይደለም እንዴ?


ብርሃንና_ጥላ፣ ሰኞ ማታ 2፡20

ወንድሜ፣ አያትህን አየኋት። እኔም እንዲህ ያለች አያት ነበረችኝ።

የመካከለኛውን ዘመን የነገረ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኲናስን የክርክር አባት አድርገው ነው የሚያቀርቡልን። ትልቁን ሥራውን ሲከፍት ግን ስለ አያቶቻችን ነው የሚናገረው። እግዚአብሔር ራሱን መግለጥ ለምን አስፈለገው ብሎ ይጠይቃል። በአእምሮ ፍለጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ እውነትን የሚያገኙት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ ብሎ ይመልሳል። እነሱም ከረጅም ዘመን በኋላ፣ ብዙ ስሕተት ተቀላቅሎበት። መዳን ለሊቃውንት ብቻ እንዳይቀር እግዚአብሔር ቀድሞ ተናገረ። አያትህ ያንን ቃል በእጇ ይዛ ነበር።

ይኸው ቶማስ በ1273 ታኅሣሥ ላይ ቅዳሴ ሲያደርስ አንድ ነገር ደረሰበትና ብዕሩን አስቀመጠ። ካየሁት ጋር ሲነጻጸር የጻፍኩት ሁሉ ገለባ መሰለኝ አለ። ሥራው ሳያልቅ ቀረ። ልክ ነህ፤ መድረሻው ጌታን ማግኘት ነው። ግን ወደ ገለባው የደረሰው ዕድሜውን ሙሉ ስንዴውን ሲያበራይ ኖሮ ነው። መንገዱን ዘሎ አይደለም።

መጽሐፉ ደግሞ ሌላም ይላል። ጴጥሮስ «በእናንተ ስላለ ተስፋ ምክንያትን ለሚጠይቁአችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት ዘወትር የተዘጋጃችሁ ሁኑ» ብሏል። ምክንያት የሚጠይቅን ሰው መልሱለት ነው ያለው። ቀጥሎም «በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ይላል። ቲክቶክ ላይ ሌሊት ሌሊት የሚደረገውን የሃይማኖት ክርክር ሳይ የምፈልገው ይህቺን መስመር ነው። ጥቅስ አለ፣ ጩኸት አለ፣ ስድብ አለ። ልጆቻችን ክርስትናን ከዚያ እየለቀሙ ነው። ያስለቅሰኛል።


የፍራንክፈርቷ፣ ማክሰኞ ጠዋት 3፡00

ከጀርመን ነው የምጽፈው። እዚህ ማንም «አትጠይቂ» አይልሽም። ችግሩ ሌላ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ስለ እምነቴ ስነግራት ፈገግ ብላ «ላንቺ እውነት ነው፤ ለኔ ደግሞ የኔ እውነት አለኝ» ትለኛለች። ጨዋ ሰው ናት፤ እወዳታለሁ። ግን ያንን ስትል ወሬው እዚያው ይሞታል። ለኔ ብቻ እውነት የሆነ ነገር እውነት አይደለም፤ ምርጫ ነው።

ካርዲናል ራትሲንገር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2005፣ ቤነዲክቶስ 16ኛ ተብለው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊሆኑ ዋዜማ፣ ይህንን የአንጻራዊነት አምባገነንነት ብለውት ነበር። ቃሉ ከበደኝ ነበር። እዚህ ስኖር ገባኝ። ማንም አያስርሽም፤ ግን ስለ እውነት ማውራት ራሱ እንደ ነውር ይቆጠራል።

ልጁ ከፍ ሲል ስለ ሙኒክ ንገሪው። እ.ኤ.አ. በጥር 2004 ራትሲንገርና ሃበርማስ አንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ። ሃበርማስ ሃይማኖተኛ ያልሆነ፣ በዘመኑ እጅግ የተከበረ ፈላስፋ ነው። ካርዲናሉ ሃይማኖትም ይታመማል፣ አእምሮም ይታመማል አሉ። ሃይማኖት ሲታመም ሰው በእግዚአብሔር ስም ይገድላል፤ የአእምሮ ብርሃን ሊያጠራው ይገባል። አእምሮ ሲታመም ደግሞ አቶሚክ ቦምብ ይሠራል፤ እሱም ከእምነት መስማት አለበት። ሃበርማስም በበኩሉ የማያምኑት የሃይማኖተኞችን ድምፅ በአክብሮት መስማት አለባቸው አለ። ማንም ማንን አላሸነፈም። ለኔ ውበቱ እሱ ነው።


ቁጥር_አይዋሽም፣ ማክሰኞ ማታ 2፡15

ሁሉንም አነበብኩ። ጨዋነታችሁን አመሰግናለሁ።

የኔ ችግር እዚህ ላይ ነው። ለእኔ ማወቅ ማለት መለካት ነው። ድልድይ ስሠራ ስሌቱ ከተሳሳተ ሰው ይሞታል። ስለ እግዚአብሔር የሚባለውን በምን እለካዋለሁ?


አዛውንቱ_መምህር፣ ማክሰኞ ማታ 3፡40

ልጄ፣ ጥንቃቄህን አከብራለሁ፤ ድልድዩ ላይ የምሄደው እኔ ነኝና። ቤነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀርመን ውስጥ ሬገንስቡርግ ላይ ስላንተ ጥያቄ ነበር የተናገሩት። ንግግሩ አንድ የቢዛንታይን ንጉሥ ስለ እስልምና በተናገረው ጥቅስ ምክንያት ሁከት አስነሥቶ ዋናው ነገር ተረሳ። ዋናው ግን ይህ ነበር። ያለ አእምሮ መሥራት ከእግዚአብሔር ባሕርይ ጋር አይሄድም። አእምሮም ራሱን በሚለካ ነገር ብቻ ካጠረ፣ ለሰው ትልልቆቹ ጥያቄዎች ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ይቀራሉ። ከየት መጣን፣ ምን ማድረግ ይገባናል፣ ፍትሕ ምንድን ነው።

«የሰው ሕይወት ክቡር ነው» ብለህ ነው ስሌቱን ደጋግመህ የምታየው። ያንን ክብር በምን ለካኸው? ግን እውነት መሆኑን ታውቃለህ። በዚያም ላይ ሥራህን መሥርተሃል።


ቁጥር_አይዋሽም፣ ማክሰኞ ማታ 4፡30

ጋሼ፣ ለዚህ መልስ የለኝም። አማኝ አያደርገኝም፤ ግን አስብበታለሁ።

ለልጁ አንድ ነገር ላዋጣ። ስለ ዦርዥ ለሜትር ንገሪው። ቤልጂየማዊ ካህን ነው። በ1927 ዓለም እየተለጠጠ መሆኑን በስሌት ያሳየ፣ በ1931 ደግሞ ሁሉም ከአንድ መነሻ «አቶም» ተጀመረ ያለ። ዛሬ ቢግ ባንግ የምንለው ሐሳብ ከሱ ነው የተነሣው። አንስታይን መጀመሪያ ስሌትህ ትክክል ነው፣ ፊዚክስህ ግን አይዋጥልኝም ብሎት ነበር። ልጁ የጠየቀው ጥያቄ ራሱ ቀሚስ ከለበሰ ቄስ እጅ የወጣ ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 የሀብልን ሕግ (ጋላክሲዎች በራቁ መጠን ፈጥነው ይርቁናል የሚለውን) የሀብልና የለሜትር ሕግ እንበለው ብሎ በድምፅ ወስኗል።


ብርሃንና_ጥላ፣ ረቡዕ ጠዋት 12፡50

ከማያምን ሰው ይሄ ስጦታ ሲመጣ እንባዬ መጣ። እግዚአብሔር ይባርክህ፤ ቅር አይበልህ።

ታሪኩ ከዚያም በኋላ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1951 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ባደረጉት ንግግር ይህ ግኝት «ብርሃን ይሁን» ለሚለው ቃል የሚመሰክር ዓይነት አድርገው አወሩ። ያልተደሰተው ለሜትር ራሱ ነው! ስሌቴ ስሌት ነው፣ ከሃይማኖት ጥያቄ ጋር አታያይዙት የሚል አቋም ነበረው። ነገ ሌላ ስሌት ቢመጣ እምነት ከስሌቱ ጋር እንዲወድቅ አልፈለገም። በኋላም የዚያው የጳጳሳዊ ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1966 እስኪያርፍ ድረስ ሠርቷል።

ቶማስ አኲናስም እዚህ ላይ ይረዳኛል። ዓለም መጀመሪያ እንዳለው በአእምሮ ማረጋገጥ አይቻልም፤ በእምነት ነው የምናውቀው ይላል። ዓለም መጀመሪያ ባይኖረው እንኳ ፍጡር ነው። መፈጠር ማለት ድሮ አንድ ቀን መነካት ብቻ አይደለም፤ አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ በእግዚአብሔር መያዝ ነው። ዜማ ወዳድ ይረዳኛል፤ መሪጌታው ዝም ካለ ዜማው የት አለ? ቢግ ባንግ ስለ መጀመሪያው ምት ይነግረናል። ኦሪት ዘፍጥረት የሚነግረን ዜማው የማን እንደሆነ ነው።


ወንጌል_በልቤ፣ ረቡዕ ማታ 1፡30

ይሄን ለእኛም ቤት ወጣቶች ወስጄዋለሁ። ለልጁ እጸልያለሁ።


ብርሃንና_ጥላ፣ ቅዳሜ ማታ 1፡10

ለጠየቃችሁኝ በሙሉ፦ ዛሬ መጣ።

ከሁሉ በፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ያንን መልስ የሰጠሁት እኔ ባልሆንም፣ ከኛ ቤት ነው የወጣው። ከዚያ ስለ ለሜትር ነገርኩት። ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ፈለገና ካህኑን ከአንስታይን ጎን ቆሞ ሲያየው ዝም አለ። ጋሼ፣ «ልብ ገዛ» የሚለውን ስነግረው ሳቀ፤ እናቱ ዘወትር የምትለው ነው አለ። ስለ ጋሊሊዮም አልደበቅሁትም። እንዲያውም እሱን ካወራን በኋላ ነው ትከሻው የወረደው።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና «እሺ፣ እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ ካወቀ የኔ ጸሎት ምን ይለውጣል?» አለኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጣጥረናል። ለሱ አዲስ ክር ከፍቻለሁ፤ እዚያ እንገናኝ።